የአደራ እንስሳ
ታማኝና ብቁ ጠባቂ ስለ መምረጥ በአራት ኪሎ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው የዚህን ንግግር ርእስ እንድመርጥ በፈቀደልኝ ጊዜ፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ስለ ቀንድ ከብት በሽታ ወይም ስለ ወተት ሀብት እንድናገር ጠብቃችሁ እንደ ነበር አልጠራጠርም። የአገራችን የእንስሳት ሀብት በዋናው በገጠሩ ከብት ላይ የቆመ በመሆኑ ይህ አሳባችሁ ተገቢ ነው። እኔ ግን የመረጥሁት በከተማችን እምብርት በየቀኑ የሚያጋጥመንን፣ በጉባኤዎቻችን ግን እምብዛም የማይነሣውን ጉዳይ ነው። ይኸውም፣ አንድ ሰው ለጥቂት ቀናት ወይም ለጥቂት ወራት ከቤቱ ሲርቅ ውሻውን ወይም ድመቱን ለማን አደራ ይስጥ? አደራ ተቀባዩስ ታማኝና ለሥራው ብቁ መሆኑ በምን ይታወቃል? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ እንደ ቅንጦት የሚቆጥሩ አሉ። «ሰው ጠባቂ ባጣበት ከተማ ለውሻ ጠባቂ ፍለጋ!» ብለው የሚቀልዱም አይጠፉም። በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ የምንሠራ ሐኪሞች ግን ከፋሲካ፣ ከአዲስ ዓመትና ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት በራችን ላይ የሚቆመውን ሰልፍ እናውቀዋለን። ባለቤቱ ወደ ትውልድ አገሩ፣ ወደ ቁልቢ፣ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ግሸን ሄዶ ሲመለስ እንስሳው ታሞ፣ ተጎድቶ ወይም ጠፍቶ ይጠብቀዋል። ከእንስሳው ጋር ሰው የተጎዳበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ነገሩ የውሻ ብቻ አይደለም።

ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ የሰጠው ስም ራሱ ብዙ ያስተምራል። እንስሳን ለሌላ ሰው ትቶ መሄድ «አደራ መስጠት» ነው፤ የሚቀበለውም «ባላደራ» ይባላል። የተሰጠውን ያጠፋ ሰው ደግሞ «አደራ በላ» ተብሎ ይነወራል፤ ከዚህ የሚከፋ ስድብ በሽማግሌ ፊት ብዙ አይገኝም። ነገር ግን አደራ የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ በብዛት የተነገረው ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዕቃ፣ ስለ ሰነድና ስለ ልጅ ነው። ዕቃ በሣጥን ቢቆለፍ እንደ ተቀመጠ ይገኛል። ልጅም ቢታመም አፍ አውጥቶ ይናገራል። እንስሳ ግን እንደ ዕቃ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እንደ ልጅም አይናገርም። ስለ እርሱ የሚናገረው ባላደራው ብቻ ነው። የዛሬው ንግግሬ ጠቅላላ አሳብ በዚህች ነጥብ ላይ የተመሠረተ ነው።

በአራዳ አሮጌ ሰፈሮች ይህ ጥያቄ ለረጅም ዘመን ሳይነሣ የኖረበት ምክንያት አለው። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት ቤተሰብ በሚኖርበት ጊዜ ውሻው በስም የአንዱ ይሁን እንጂ በተግባር የግቢው ነበር። «ቡቺ» ማንን እንደሚወድና ማንን እንደሚጠላ፣ ምን እንደሚበላና በየት በኩል እንደሚያመልጥ ሁሉም ያውቃል። ባለቤቱ ሲሄድ ለጎረቤት «አደራችሁን» ማለቱ ይበቃዋል፤ ምክንያቱም የጎረቤቱን ጠባይ በእድሩ፣ በዕቁቡና በሐዘን ቤቱ ፈትኖታል። አንዱ ቢዘነጋ ሌላው ያስታውሳል፤ አንዱ ቢደብቅ ሌላው ይናገራል። እንግዲህ ጥበቃው የአንድ ሰው ታማኝነት ሳይሆን የብዙ ዓይን ሥራ ነበር።

(በዚያው ዘመን ጠባቂ የማያስፈልገው አንድ ውሻ በዚህ ሰፈር አቅራቢያ ነበር ሊባል ይችላል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሹ የቺዋዋ ዘር ውሻ ሉሉ፣ ጌታው ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ አብሯቸው ይጓዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በሞንትሪያል ወደ ተደረገው የዓለም ኤክስፖ እንኳ ተከትሏቸዋል። ለሌሎቻችን ውሾች ግን የአውሮፕላን መቀመጫ የለም።)

ያ የብዙ ዓይን ሥርዓት ዛሬ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩ ሰፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና በከተማዪቱ ዳርቻ ወዳሉ ሌሎች መኖሪያዎች ተዛወረ። ስለ ግንባታው ጥቅምና ጉዳት መናገር የዛሬው ሥራዬ አይደለም። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ግቢው ሲፈርስ እንስሳውን የሚያውቁት ጎረቤቶች ተበታተኑ። በአራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ከፊት ለፊቱ በር ያለውን ቤተሰብ ስም ሳያውቅ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። ስለሆነም ዛሬ አደራ የሚሰጠው ለማይታወቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜም በክፍያ ነው። ድሮ ጉርብትና በነጻ ይሰጥ የነበረውን ማረጋገጫ አሁን ባለቤቱ ራሱ ጠይቆና መርምሮ ማግኘት አለበት።

ሕጉም ባለቤቱንና ባላደራውን የሚመለከትበት መንገድ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የታወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ እዚሁ አራት ኪሎ አደባባይ ላይ ሐውልት የቆመለት የድል በዓል መሆኑን ልብ ይሏል። ይህ ሕግ ስለ አደራ ውል ከቁጥር 2779 ጀምሮ ይናገራል። በቁጥር 1127 ደግሞ ግዙፍነት ካላቸው ተንቀሳቃሽ ነገሮች መካከል በራሳቸው ኃይል የሚንቀሳቀሱትን ስለሚቆጥር፣ ውሻና ድመትም በአደራ ውል ሊሰጡ የሚችሉ ናቸው ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ አብዛኛው ሰው የማያውቀው ቁጥር 2071ና 2072 ናቸው። በመጀመሪያው መሠረት የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥም ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም፣ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በሁለተኛው መሠረት ደግሞ እንስሳውን ለጥቅሙ የያዘ፣ የተከራየ፣ የተዋሰ ወይም በማናቸውም ምክንያት የተረከበ ሰው፣ እንስሳው በእጁ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል። እንግዲህ «ሳንቲም ተቀብዬ አጥንት ስጥል የነበርሁ ሰው ነኝ፤ ምን አገባኝ» የሚል ጠባቂ ሕጉን አላነበበም። ባለቤቱም ቁልፍ ሲሰጥ ይህን ሊነግረው ይገባል። ይህን ሰምቶ ከደነገጠና ከተወው፣ መተዉ ለሁለቱም መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በአዲስ አበባ ውሻን አደራ መስጠት ከለንደን ወይም ከፓሪስ የሚለየው በአንድ በሽታ ምክንያት ነው። በከተማችን የእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ወረርሽኝ እንደ ተነሣ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1903፣ ማለትም በ1895 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ በሽታው ከተማዪቱን ለቆ አያውቅም። በጉለሌ ፓስተር ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረውን፣ በሆድ ላይ ለ14 ተከታታይ ቀናት የሚወጋውን ክትባት በልጅነታቸው የቀመሱ ሰዎች በዚህ አዳራሽም ሳይኖሩ አይቀሩም። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ክትባቱን ሳይዘገዩ መጀመር ሰውን ከሞት ያድናል። በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሕመም 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው።

በዚህ ላይ የ10 ቀኑን ጉዳይ አስቡ። በሽታው የያዘው ውሻ ምልክት ከማሳየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ በምራቁ ተሕዋሲውን ያወጣል። ስለዚህ ሰው የነከሰ ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል፤ በአሥረኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ በነከሰበት ዕለት በምራቁ በሽታ አልነበረም ማለት ነው። ውሻው ከሞተ ወይም ከታመመ ደግሞ ራሱ ሳይፈነከት ወደ ላቦራቶሪ ተወስዶ አንጎሉ ይመረመራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ውሻው በቦታው ሲገኝና ውሻውን የያዘው ሰው እውነቱን ሲናገር ብቻ ነው።

ስሙንም ሰፈሩንም የማልጠቅሰው አንድ ቤተሰብ ለታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ሲሄድ ውሻውን ለአንድ ወጣት ሰጠ። ወጣቱ በታማኝነቱ የተመሰገነ ነበር፤ ምስጋናውም ሐሰት አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ውሻው የጎረቤትን ልጅ እጁ ላይ ነከሰው። ወጣቱ ነቀፋ ፈርቶ ለእናትየው መጠነኛ ገንዘብ ሰጠና «ውሻው የተከተበ ነው» አላት፤ ስለ ክትባቱ ግን ምንም አያውቅም ነበር። በስድስተኛው ቀን ውሻው ምግብ እንቢ ሲል በር ከፍቶ ለቀቀው። ቤተሰቡ ሲመለስ «ጠፋ» ብሎ አለቀሰ። የቤቱን ቁልፍ፣ ለሥጋ ከተሰጠው ገንዘብ የተረፈውን፣ አንዲት ማንኪያ ሳትጎድል አስረከበ። እውነቱን ያወጣው የግቢው ዘበኛ ነው። ልጁ ክትባት የጀመረው በተነከሰ በ11ኛው ቀን ሲሆን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለ። ውሻው አልተገኘም፤ ታሞ ይሁን ጤነኛ ሆኖ ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

ይህን ታሪክ ያቀረብሁት ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም። ሰውን «ታማኝ» የምንልበት መለኪያ ለእንስሳ አደራ እንደማይበቃ ስለሚያሳይ ነው። ወጣቱ ሌባ አልነበረም፤ ለገንዘብ ታማኝ ነበር። ለወሬ ግን ታማኝ አልነበረም። የእንስሳ ባላደራ ታማኝነት በዋናው የሚለካው ክፉ ወሬን በሰዓቱ በመናገሩ ነው እላለሁ። ውሻው ነከሰ፤ ድመቷ ከትናንት ጀምሮ አልበላችም፤ በሩን ረስቼ ወጣ፤ እነዚህን ቃላት ስልክ አንሥቶ ሊናገር የማይደፍር ሰው ልቡ ንጹሕ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆንም። እዚህ ላይ ባለቤቱም ድርሻ አለው። በትንሽ ጥፋት የሚሳደብ፣ «አንድ ነገር ቢሆን አልለቅህም» ብሎ አስፈራርቶ የሚሄድ ባለቤት ዝም የሚል ጠባቂ እየሠራ ነው።

ታዲያ አንድ ባለቤት «ማንን ልምረጥ?» ብሎ ሲጠይቀን ምን እንመልስ? ብዙዎቻችን የምናውቀውን ሰው ስልክ ሰጥተን እናሰናብታለን። ከዚህ የተሻለ ማድረግ እንችላለን። እኔ በመጀመሪያ የምመክረው፣ ጠባቂው የሚመልሰውን ሳይሆን የሚጠይቀውን እንዲያዳምጡ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ይጠይቃል፦ መቼ ተከተበ? ወረቀቱ የት አለ? ሰው ነክሶ ያውቃል? ርችት ይፈራል? ምን ይበላል፣ ምን አይስማማውም? ሐኪሙ ማን ነው? ሌሊት ቢታመም እስከ ስንት ብር እንዳወጣ ትፈቅዳለህ? ምንም ሳይጠይቅ «አይዞህ፣ እኔ ውሻ እወዳለሁ» የሚል ሰው ውሻ መውደዱን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ፍቅር ሙያ አይደለም።

ቀጥሎ ከእንስሳው ጋር ያገናኙትና ዝም ብለው ይመልከቱ። የለመደ ሰው ሮጦ ጭንቅላቱን አይዳብስም፤ ዓይን ለዓይንም አያፈጥም። ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፣ ውሻው መጥቶ እስኪያሸተው ይታገሣል። ጅራት መወዛወዝ ሁልጊዜ ደስታ እንዳልሆነም ያውቃል።

ከዚያም አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «በዚህ ሥራ ያጋጠመህ ከሁሉ የከፋ ቀን የትኛው ነው? ምን አደረግህ?» ዓመታት ሠርቶ «ምንም ችግር ገጥሞኝ አያውቅም» የሚል ሰው ወይ አልሠራም፣ ወይ አይናገርም። የጠፋን ውሻ ሌሊቱን ሲፈልግ ማደሩንና ለባለቤቱ በዚያው ሰዓት መደወሉን የሚተርክ ሰው ይሻላል። ምስክርም ከተፈለገ ወዳጁን ሳይሆን እንስሳ ሰጥቶት የተመለሰለትን ሰው መጠየቅ ነው፤ ያ ሰው በሚቀጥለው ጉዞው ለማን ሰጠ? መልሶ ለእርሱው ከሰጠ፣ ይህ ከማናቸውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

እንስሳው የሚያድርበትን ቦታ ሳያዩ መስጠት አይገባም። የግቢው በር ከሥር ምን ያህል ክፍት ነው? አጥሩን ውሻው ይዘለዋል? ሌሎች ውሾች አሉ ወይ? ካሉስ የተከተቡ ናቸው? ቡችላን የሚፈጀው የፓርቮ ተሕዋሲ በአፈር ውስጥ ለወራት፣ እስከ ዓመትም ሊቆይ እንደሚችልና ተራ ሳሙና እንደማይገድለው ለናንተ መንገር አያሻኝም። ጠባቂው ግን ስለ በረኪና ሲጠየቅ ግራ ከተጋባ፣ ቡችላ ይዞ ወደዚያ ግቢ መግባት አይገባም። ከሁሉ በላይ ግን «እንስሳውን በእጁ የሚመግበው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አደራን የተቀበለው አባወራው ሆኖ ሥራው ለቤት ሠራተኛዋ፣ ከእርሷም ለልጆቹ የሚተላለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። አደራ ሦስት እጅ ካለፈ ባላደራው የለም።

ስለ ዘበኞቻችንም አንድ ቃል መናገር ይገባል። በፒያሳና በአራት ኪሎ ግቢዎች ውሻን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ብርድ ሌሊት ከውሻ ጋር ያሳለፈ ሰው የውሻውን ሳል ከሌላው ውሻ ሳል ይለያል። እንዲያውም ከብዙ የተማረ ጠባቂ እመርጣቸዋለሁ። ጉድለቱ ያለው በእነርሱ ሳይሆን በአሰጣጣችን ነው። ለዘበኛው አጥንት እንተውለታለን እንጂ ሥልጣንና ገንዘብ አንተውለትም። ውሻው ሲታመም «ወደ ሐኪም ብወስደው ማን ይከፍላል? ባልወስደውስ ማን ይጠይቀኛል?» እያለ ሁለት ቀን ያልፋል። የሐኪሙ ስም፣ የሕክምና ፈቃድ የተጻፈበት ወረቀትና የተወሰነ ገንዘብ በፖስታ ቢሰጠው፣ ዘበኛው ሙሉ ባላደራ ይሆናል።

ስለ ክትባት አንድ የምናየው ስሕተት አለ። ባለቤቱ በጉዞው ዋዜማ ውሻውን ያመጣና ለመጀመሪያ ጊዜ አስከትቦ ይሄዳል። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ ክትባት ሙሉ መከላከያ ሊሆን አራት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ፣ ይህ ወረቀት ነው እንጂ መከላከያ አይደለም። ጉዞው ከመድረሱ ቢያንስ 28 ቀን አስቀድሞ መምጣት እንዳለበት በየክሊኒካችን በር ላይ ብንለጥፍ አይከፋም። ይህን ሥራ መተዳደሪያው ያደረገ ጠባቂም ራሱ አስቀድሞ ቢከተብ ይገባዋል፤ በዓለም ጤና ድርጅት የ2018 እ.ኤ.አ. መመሪያ መሠረት በመጀመሪያውና በሰባተኛው ቀን የሚሰጥ ሁለት መርፌ ይበቃል።

ምግብን በሚመለከት የእኛ አገር ጠባቂ በሌላ አገር መጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት ያስፈልገዋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት አብዛኞቹ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የጠባቂው ወጥ ቤትም ሽሮና ምስር ነው። ውሻ ግን አይጾምም፤ ድመትማ ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጥረት ናት። ስለዚህ የጾም ወራት አደራ ከሆነ ምግቡ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሌላው አደጋ ይመጣል። የበዓል ዶሮ ወጥ ማለት ከሞላ ጎደል ሽንኩርት ማለት ነው፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ መቀቀሉም መርዝነቱን አያጠፋውም። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት የበላ ውሻ ደሙ ይጎዳል፤ ማለትም 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከ150 እስከ 300 ግራም ይበቃዋል። ለድመት በኪሎ 5 ግራም ብቻ ነው። በርኅራኄ የወጥ ድስት አስልሶ ውሻውን ለሞት የዳረገ ጠባቂ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያልተነገረው ሰው ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ እንደሚሰነጠቅም አብሮ ይነገረው።

ከዚህ የባሰው ጉዳት ግን ለዓይን አይታይም። በበዓል ቀን በግ በግቢው ውስጥ ሲታረድ፣ ሳንባው ወይም ጉበቱ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሆኖ ሲገኝ «ይህስ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻው ይጣላል። ያ ከረጢት የኮሶ ዘር ትል እጭ ነው። ውሻው በልቶት ከ32 እስከ 80 ባሉት ቀናት ውስጥ ትሉ አድጎ እንቁላሉን በዐይነ ምድሩ ይረጫል፤ ውሻው ግን ጤነኛ መስሎ ይጫወታል። እንቁላሉ በልጅ እጅ ወደ አፍ ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት የሚያድግ፣ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ከረጢት ይሆናል። ባለቤቱ በዓል ለማክበር ሲሄድ ጠባቂውም በቤቱ በዓል እንደሚያከብር መርሳት የለብንም።

ድመትን በተመለከተ አጭር ልሁን። ድመት ሰውን ሳይሆን ቤቷን ታምናለችና ጠባቂው ወደ እርሷ ቢመጣ ይሻላል። ከሁለት ቀን በላይ ምግብ ካልቀመሰች ጉበቷ በስብ ሊጎዳ ይችላል። ወንዱ ድመት ለመሽናት እያማጠ ካልወጣለት በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። ፓራሲታሞል ደግሞ ለድመት መርዝ ነው፤ ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠው 500 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ ሊገድላት ይበቃል። «ትኩሳት አላት ብዬ ግማሽ ሰጠኋት» የሚለውን ቃል የሰማን ሁሉ ጠባቂን ከመምረጣችን በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ብንጠይቀው ይበጃል።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ሙያ ሆኖ ሕግ ወጥቶለታል። በእንግሊዝ አገር የሰውን ውሻና ድመት በክፍያ ተቀብሎ ለማሳደር ፈቃድ ማውጣት የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ በ2018 ደግሞ በአዲስ ደንብ ተሻሽሎ በመኖሪያ ቤት ውሻ የሚያሳድሩትንም በግልጽ የሚመለከት ሆኗል። ፈቃድ ሰጪው ቦታውን በዓይኑ ያያል፣ መዝገቡንም ይመረምራል። እኛ እንዲህ ያለ ደንብ እስኪወጣ መቀመጥ አይኖርብንም። ማኅበራችን ለዘበኞች፣ ለቤት ሠራተኞችና ለዚህ ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች የጥቂት ቀናት ትምህርት ማዘጋጀት ይችላል። ዕውቀቱ በእጃችን ነው፤ አዳራሽም አይጠፋም። ፈተናው በጽሑፍ ባይሆን እመርጣለሁ። እጩውን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ውሻው ዛሬ ጧት የጎረቤት ልጅ ነክሷል፤ ባለቤቱ ቁልቢ ነው፤ ምን ታደርጋለህ?» ማለት ነው። ቁስሉን አጥባለሁ፣ ልጁን ከእናቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ እወስዳለሁ፣ ውሻውን አስራለሁ፣ ለባለቤቱና ለሐኪሙ እደውላለሁ ያለ ያልፋል። በመካከሉ «እናትየውን አግባብቼ...» ብሎ የጀመረ ደግሞ ተመልሶ ይማር። ይሁን እንጂ ወረቀት መስጠታችን ባለቤቱን ከመመርመር እንዳያሳርፈው እሰጋለሁ፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የተማረውን እንጂ ጠባዩን የምንመሰክር መስሎ እንዳይነበብ መጠንቀቅ አለብን።

ስለ ክፍያ ሳልናገር ብወርድ ትጠይቁኛላችሁ። በዘመድ ወይም በጎረቤት ልጅ ዘንድ «ስንት ልክፈልህ?» ማለት ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ሲመለሱ ሸሚዝ ወይም አንድ ኪሎ ቡና ይሰጣሉ። እኔ ክፍያው አስቀድሞ ተነግሮ በሁለት ቢከፈል እወዳለሁ፤ ግማሹ ሲረከብ፣ ግማሹ ሲያስረክብ። የምግቡና የሕክምናው ገንዘብ ግን ከደመወዙ ተለይቶ በሌላ ፖስታ መሆን አለበት። ከደመወዙ ጋር ከተቀላቀለ፣ ውሻውን ወደ ሐኪም ባለመውሰድ የሚተርፈው ገንዘብ የጠባቂው ይሆናልና ደጉን ሰው ሳይቀር ያለ አግባብ እንፈትነዋለን።

ከጉዞው በፊትም እንስሳው በጠባቂው ዘንድ አንድ ሌሊት ይደር፤ ባለቤቱ ገና በከተማው ሳለ። ሲመለስም ሁለቱ ተቀምጠው የየቀኑን ነገር ይነጋገሩ፦ ማንን ነከሰ ወይም ጫረ? በየትኛው ቀን? ከማን ውሻ ጋር ተጣላ? በግ ታርዶ ነበር ወይ? ንክሻ ካለ ከዚያ ዕለት ጀምሮ 10 ቀኑ ይቆጠራል። በግ ታርዶ ውሻው ከሆድ ዕቃው ቀምሶ ከሆነም ዕለቱ ይጻፍና፣ 30 ቀን ሳይሞላ ፕራዚኳንቴል እንድንሰጠው ወደ ክሊኒካችን ይምጣ።